የባኞ ፍሳሽ አገጣጠም፦ ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት

መታጠቢያ ቤት ሲታደስ ሐሳብም ብርም የሚያርፈው ሴራሚኩና ሚክሰሩ ላይ ነው። ፍሳሹ ባኞው ሥር ተደብቆ ስለሚቀር ጥፋቱ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ የታችኛው ቤት ኮርኒስ ሲረጥብ ነው።

የሚያስፈልጉት፦ ኦቨርፍሎው (ባኞው ሲሞላ ትርፉ ውሃ የሚወርድበት የላይኛው ቀዳዳ) ያለው ባለ 1½ ኢንች የባኞ ፍሳሽ፣ ሲፎን (ውሃ ይዞ ሽታ የሚያግድ ጎባጣ ቱቦ)፣ ባለ 40 ወይም ባለ 50 ሚሊ ሜትር ቱቦ፣ ሁለት ባለ 45 ዲግሪ ጎሚቶ (የቱቦ መታጠፊያ)፣ የቱቦ ሙጫ፣ የሳኒተሪ ሲሊኮን፣ ሴጌቶ፣ ካቻቢቴና ውሃ ልክ። ባለ 90 ጎሚቶ በሁለቱ ፈንታ አንዱ ብቻ ስለሚበቃ ርካሽ ይመስላል፤ ፀጉርና የሳሙና ቅሪት የሚጠራቀመው ግን እዚያው መታጠፊያ ላይ ነው።

መጀመሪያ ከፍታ ይለኩ። ባኞውን በእግሮቹ አቁመው በውሃ ልክ ያስተካክሉና ሲፎኑን ከሥሩ ይዘው ይሞክሩ። የሲፎኑ መውጫ ከወለሉ ቱቦ አፍ ከፍ ማለት አለበት። ቱቦው በ1 ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይዝቀዝቅ። ይህ ካልተገኘ ወይ የባኞው እግር ይረዝማል ወይ ወለሉ ይቆፈራል፤ ቱቦውን ሽቅብ ገፍቶ ማገናኘት መፍትሔ አይሆንም። የወለሉ ፍሳሽ የራሱ ሲፎን ካለው ባኞው ሥር ሌላ አይጨምሩ። ሁለት ሲፎን ሲከታተል መሃላቸው አየር ይታፈናል፣ ውሃው እየተንተከተከ ቀስ ብሎ ይወርዳል።

ግንበኛው እስኪጨርስ የቱቦውን አፍ በጨርቅና በላስቲክ ይድፈኑት። የሲሚንቶ እጣቢ ቱቦ ውስጥ ከደረቀ በኬሚካል አይወጣም።

አሁን ፍሳሹ ይገጠማል። በአብዛኞቹ ዕቃዎች ወፍራሙ ጎማ ከባኞው በታች፣ ስሱ ደግሞ ከላይ በብረቱ ወንፊት ሥር ይገባል፤ ሲገለባበጥ ማፍሰሱ አይቀርም። የባኞውን ቀዳዳ ዙሪያ ከላይም ከታችም በደንብ ይጥረጉ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ጎማውን ከፍ አድርጋ ትይዛለች። የመሃሉን ብሎን በእጅ በካቻቢቴ ብቻ ያጥብቁ። ጎማው ወደ ጎን መውጣት ከጀመረ አልፈዋል ማለት ነው፤ አክሪሊክ ባኞ ደግሞ ከዚያ በላይ ሲጠብቅ ይሰነጠቃል።

የሲፎኑ መጋጠሚያ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ ቱቦው ላይ መጀመሪያ ዳዶው፣ ከዚያ ሾጣጣው ቀለበት ይገባል። የቀለበቱ ቀጭን ጎን ቱቦው ወደሚገባበት አፍ ይዞራል። የሚያፈስ ዳዶ ሲገጥም ፈትቶ ቀለበቱን ማየት ነው እንጂ በላዩ ሲሊኮን መቀባት ለወር ያህል ከመሸፈን አያልፍም። በሙጫ የሚያያዘውን ቱቦ ጫፉን ሞርደው፣ ጠርገው፣ ሁለቱንም ፊት ቀብተው እየገፉ ሩብ ዙር ያዙሩት፤ ወዲያው እንዳይመለስ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይያዙት። ውሃ ከመልቀቅዎ በፊት ሙጫው እንዲደርቅ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ይጠብቁ።

ፍተሻው ላይ አይቸኩሉ። ባኞውን ዘግተው ውሃው በኦቨርፍሎው መውረድ እስኪጀምር ይሙሉት፤ ብዙ ሰው ግማሽ ድረስ ሞልቶ ስለሚተው የኦቨርፍሎው መጋጠሚያ ሳይፈተሽ ይታሸጋል። ቀጥሎ መክደኛውን ከፍተው ሙሉ ውሃው በአንድ ጊዜ ሲወርድ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በደረቅ ሶፍት ይዳብሱ። ዓይን ያላየውን ጠብታ ሶፍት ያሳያል።

የግድግዳውን ጠርዝ ሲሊኮን የሚቀቡት ባኞው በውሃ ተሞልቶ እያለ ነው፤ ባዶውን ከተቀባ በኋላ ክብደት ሲያርፍበት ዝቅ ብሎ ሲሊኮኑን ይቀደዋል። ሲሊኮኑ እስኪደርቅ ውሃውን አያፍስሱ።

የባኞውን ጎን በግንብ ሲዘጉ በሲፎኑ በኩል 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የምትከፈት መስኮት ይተዉ። ግንበኛው «ያበላሸዋል» ቢልም እሺ አይበሉ። ባኞው ለሳምንታት ሳይነካ ቆይቶ ሽታ ከመጣ ግን መስኮቷን ከመክፈትዎ በፊት ሁለት ሊትር ውሃ ያፍስሱበት፤ ሲፎኑ ደርቆ ሊሆን ይችላል።