ማስታወቂያው እየተመለሰ ላስቸገራችሁ፦ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት አንዲት አስተማሪ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ወዳለችው ሱቄ ላፕቶፕ ይዛ መጣች። ክሮምን ስትከፍት ጉግል ቀርቶ ስሙን ሰምታው የማታውቀው የፍለጋ ገጽ ይመጣባታል። አንድ ነገር በነካች ቁጥር ሁለት ሦስት የውርርድ ገጽ ይከፈታል። በአራት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ፎርማት አስደርጋዋለች፤ በሁለተኛው ጊዜ የልጇ የመጀመሪያ ልደት ፎቶዎች አብረው ጠፍተዋል። «ወንድሜ፣ እባክህ አንተም ፎርማት እንዳትለኝ» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ።

ፎርማት አላደረግነውም። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጸዳ። ይህን የምጽፈው ብዙ ሰው እንደሷ ገንዘቡንም ፋይሉንም እያጣ ስለሆነ ነው። እዚህ ድሬ ኮምፒውተር ታመመ ከተባለ መጀመሪያ የሚታዘዘው መድኃኒት ፎርማት ነው። ለአድዌር (ሳትፈልጉት ማስታወቂያ ለሚያመጣባችሁ ፕሮግራም) ግን የመጨረሻው መሆን ነበረበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብሮውዘሩ (ኢንተርኔት የምታዩበት ክሮም ወይም ኤጅ) ላይ የምታዩት ገጽና ማስታወቂያ ጫፉ ብቻ ነው። ከኋላ ሆኖ የሚያስቀምጠው ሌላ ነገር አለ። ብዙ ሰው ጫፉን ይቆርጥና ሥሩን ይተወዋል፣ ከዚያ «ተመለሰብኝ» ይላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ያዙ፦ መጀመሪያ ፕሮግራሙ፣ ቀጥሎ በሰዓት የሚቀሰቅሰው ትእዛዝ፣ ከዚያ ኤክስቴንሽኑ (ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም)፣ በመጨረሻ የብሮውዘሩ ሴቲንግ። ከታች ወደ ላይ ከጀመራችሁ ድካም ነው።

«ስክሪኑ ጥግ ላይ ቫይረስ አለብህ የሚል ይወጣል»

ይህ በጣም የሚያስፈራውም በጣም ቀላሉም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ የለም። የሆነ ቀን ፊልም ወይም ኳስ ልታዩ የገባችሁበት ገጽ «ሮቦት አለመሆንህን ለማረጋገጥ አላው የሚለውን ተጫን» ብሏችሁ ተጭናችኋል። በዚያች አንዲት ክሊክ ኖቲፊኬሽን (ስክሪኑ ጥግ ላይ ብቅ የሚል መልእክት) የመላክ ፈቃድ ሰጥታችሁታል። ከዚያ ወዲያ ገጹን ብትዘጉትም መልእክቱን ይልካል።

ክሮም ላይ ከላይ በስተቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫኑ። ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ኖቲፊኬሽንስ። እዚያ ፈቃድ ያላቸው ገጾች ተዘርዝረዋል። የማታውቁትን ሁሉ አስወግዱ። ኤጅ ከሆነ ሴቲንግስ ውስጥ ባለው መፈለጊያ ኖቲፊኬሽን ብላችሁ ጻፉ፣ ራሱ ይወስዳችኋል። እዚያው ገጾች ፈቃድ እንዳይጠይቁ መዝጋትም ይቻላል፤ እኔ ለእናቴ ኮምፒውተር ዘግቼዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ደውላልኝ አታውቅም።

ሙሉ ስክሪን ይዞ «በዚህ ስልክ ደውል» የሚለውም ተራ ገጽ ነው። አትደውሉ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማኔጀር ሲከፈት ብሮውዘሩን መርጣችሁ ኤንድ ታስክ በሉት። ብሮውዘሩ እንደገና ሲከፈት የነበሩትን ገጾች ልመልስ ካላችሁ እምቢ በሉ።

«ጉግል ላይ ስፈልግ ሌላ ቦታ ይወስደኛል»

ይህ ጠለፋ ነው። የጠላፊው ትርፍ ፍለጋችሁ በሱ በኩል ሲያልፍ የሚያገኘው ክፍያ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ያሁ ወይም ቢንግ የሚመጣላችሁ፤ እነሱ ጠልፈዋችሁ አይደለም፣ መሃል የገባው ሰው እነሱ ጋ እየሸኛችሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ቼክ ፖይንት የተባለው የደህንነት ኩባንያ ፋየርቦል ብሎ የሰየመው አድዌር በዚሁ ዘዴ ይሠራ ነበር። ኩባንያው ከ250 ሚሊዮን በላይ ኮምፒውተር ይዟል ብሎ ገመተ፤ ማይክሮሶፍት ቁጥሩ ተጋኗል አለ። ያም ሆነ ይህ የሚገባው ከሌላ ነፃ ፕሮግራም ጋር ተጠቅልሎ ነበር፤ የኛዎቹም አገባብ ያው ነው።

መፍትሄው ከፕሮግራሞች ዝርዝር ይጀምራል። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ኢንስቶልድ አፕስ፤ ዊንዶውስ 10 ላይ አፕስ ኤንድ ፊቸርስ ይባላል። ዝርዝሩን በተጫነበት ቀን ደርድሩት። በስም አትፈልጉ፣ ስማቸው የዋህ ነው፤ «ረዳት»፣ «አፋጣኝ»፣ «ፒዲኤፍ» ምናምን የሚል ይሆናል። ቀኑ ግን አይዋሽም። ችግሩ የጀመረበትን ቀን አስታውሱና በዚያ ቀን ምን እንደገባ እዩ። የአስተማሪዋ ላፕቶፕ ላይ ፒዲኤፍ ወደ ወርድ የሚቀይር ነፃ ፕሮግራም ነበር፤ ፈተና ለማዘጋጀት የምትጠቀምበት። በዚያው ቀን እሷ የማታውቃቸው ሌሎች ሁለት ፕሮግራሞች ገብተዋል። ሦስቱንም አንኢንስቶል አደረግን። እያጠፋችሁ ሳለ «እርግጠኛ ነህ? ኮምፒውተርህ አደጋ ላይ ይወድቃል» የሚል መስኮት ከመጣ በርቱና ቀጥሉ፣ ግን ቁልፎቹን አንብቡ፤ ትልቁና ባለቀለሙ ብዙ ጊዜ «ይቆይልኝ» የሚለው ነው።

ቀጥሎ በሰዓት የሚቀሰቅሰው ትእዛዝ ነው፤ እሱን ከታች ታስክ ስኬጁለር ባልኩበት ቦታ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ኤክስቴንሽኖች። ሦስቱ ነጥቦች፣ ኤክስቴንሽንስ። ራሳችሁ ካላስገባችሁት አጥፉት፤ ዝም ብሎ ማጥፊያውን ከመንካት ሪሙቭ ማለት ይሻላል። ከዚያ ሴቲንግስ ውስጥ ሪሴት የሚለውን ፈልጋችሁ ወደ መጀመሪያው መልሱት። ብዙ ሰው እዚህ ይፈራል። አትፍሩ፤ ቡክማርክና የተቀመጡ ፓስወርዶች አይጠፉም። ኤክስቴንሽኖችን እንዳይሠሩ ያደርጋል፣ ኩኪዎችን ይጠርጋል፣ ስለዚህ አንዳንድ ገጾች እንደገና ግቡ ይሏችኋል፣ በቃ።

ድሮ ክሮም ውስጥ ኮምፒውተር አጽዳ የሚል የራሱ መሣሪያ ነበር። የቆዩ ቪዲዮዎች አሁንም እሱን ፈልጉ ይላሉ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2023 አንስቶታል፣ ፈልጋችሁ አትድከሙ።

«አጠፋሁት፣ ሪስታርት ሳደርግ ተመለሰ»

አቦ፣ እዚህ ላይ ነው ሰው ተስፋ ቆርጦ ፎርማት የሚለው። አንድ ነገር እየመለሰው ነው ማለት ነው፣ እሱን ማግኘት ብቻ ነው የቀረው።

መጀመሪያ የማየው ታስክ ስኬጁለርን ነው። ስታርት ላይ ስሙን ጻፉና ክፈቱት። በግራ በኩል ላይብረሪ የሚለውን ስትነኩ በሰዓት ወይም ኮምፒውተሩ ሲበራ የሚነሱ ትእዛዞች ይመጣሉ። እያንዳንዱን ነክታችሁ ከታች አክሽንስ የሚለውን እዩ። ብሮውዘር ከፍቶ የሆነ ገጽ አድራሻ የሚጠራ ካለ አገኛችሁት። አፕ ዴታ ወይም ቴምፕ በሚባል ፎልደር ውስጥ ያለ ስሙ ትርጉም የሌለው ፋይል የሚያስነሳም ያስጠረጥራል። ጉግል አፕዴት፣ ኤጅ አፕዴት፣ ዋንድራይቭ የሚሉት ጤነኞች ናቸው። ማይክሮሶፍት የሚለውን ፎልደር ውስጥ ገብታችሁ አትነካኩ። የጠረጠራችሁትን ደግሞ ወዲያው ከመሰረዝ ዲሴብል አድርጉትና አንድ ቀን ጠብቁ፤ ምንም ካልተጓደለ ያኔ ሰርዙት።

ሁለተኛው የዴስክቶፑ ሾርትከት ነው። የክሮም ምልክት ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ታርጌት የሚለው ሳጥን። መስመሩ ጫፍ ላይ፣ ከክሮም ፋይል ስም በኋላ የገጽ አድራሻ ተቀጥሎበት ታገኛላችሁ። ብሮውዘሩን ሺህ ጊዜ ብታስተካክሉት ያ አድራሻ እዚያ እስካለ ድረስ ያንኑ ገጽ ይከፍተዋል። አጥፉት፣ ወይም ሾርትከቱን ጥላችሁ አዲስ ሥሩ። ታስክባር ላይ የተሰካውንም አትርሱ።

ሦስተኛው ትንሽ ከበድ ይላል። ክሮም ሜኑ ውስጥ ከታች ብሮውዘርህን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤትህ ነው የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ አለ? ኤክስቴንሽኑስ ሪሙቭ አልል ብሏችኋል? የመሥሪያ ቤት ወይም የዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ከሆነ ልክ ነው፣ ተዉት፣ የአይቲ ክፍሉን ጠይቁ። የግላችሁ ከሆነና ያስገባችሁት ሌላ የደህንነት ፕሮግራም ከሌለ ግን ጠላፊው እንደ አለቃ ሆኖ ትእዛዝ ጽፏል ማለት ነው። ትእዛዙ የሚቀመጠው ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ሴቲንግ ማከማቻ) ውስጥ ነው፦ ሎካል ማሽን፣ ሶፍትዌር፣ ፖሊሲስ፣ ጉግል፣ ክሮም። ከረንት ዩዘር ስርም ተመሳሳይ መንገድ አለ። ከመንካታችሁ በፊት ፋይል ከሚለው ኤክስፖርት ብላችሁ ቅጂ ያዙ፣ ከዚያ ክሮም የሚለውን ፎልደር ብቻ ሰርዙ። ሬጅስትሪ ከፍታችሁ የማታውቁ ከሆነ ይህችን አንዷን የሚያውቅ ሰው ያድርግላችሁ።

አራተኛው አካውንታችሁ ነው። ክሮም በጂሜይል ተገብቶ ሲንክ ከተደረገ (በሁሉም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት እንዲሆን ከተያያዘ)፣ የቢሮው ኮምፒውተር ላይ ያለ ኤክስቴንሽን ማታ ቤት ያለው ላይ ይወጣል። ሲንክን አጥፉ፣ ሁሉንም ኮምፒውተሮች አጽዱ፣ ከዚያ መልሱት።

አምስተኛው ብዙ ሰው የማያየው ነው፣ እኔ ግን ሁሌ አየዋለሁ። ኦፊስ ወይም ዊንዶውስ በክራክ (ሳይከፈልበት በሚያስከፍት አክቲቬተር) ሲጫን «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይባላል። አክቲቬተሩ ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ይህን ፎልደር አትፈትሽ የሚል ትእዛዝ ትቶ ይሄዳል። ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን፣ ማኔጅ ሴቲንግስ፣ ከታች ኤክስክሉዥንስ። ራሳችሁ ያልጻፋችሁት ካለ አውጡት። ሲ ድራይቭ በሙሉ እንዳይፈተሽ ተደርጎ ያገኘሁበት ጊዜ አለ፤ ባለቤቱ ዓመት ሙሉ «አንቲቫይረስ አለኝ» ሲል ነበር።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ አድውክሊነር የሚባለውን የአድዌር ማጽጃ አስነሱት። ነፃ ነው፣ መጫን አያስፈልገውም፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ማልዌርባይትስ የተባለው የደህንነት ኩባንያ ነው የያዘው። ከማልዌርባይትስ ገጽ ብቻ አውርዱት፤ በፍለጋ የመጀመሪያው የሚመጣው ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። ብሮውዘራችሁ ገና የተጠለፈ ከሆነ በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር አውርዳችሁ በፍላሽ አምጡት። ቀጥሎ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ስካን ኦፕሽንስ ላይ ዲፌንደር ኦፍላይን የሚለውን ምረጡ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳና ዊንዶውስ ሳይከፈት ይፈትሻል፣ 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ይኑረው፤ ዴስክቶፕ ከሆነ መብራት በሚጠፋበት ሰዓት አትጀምሩት።

«ፋኑ ይጮሃል፣ ላፕቶፑ ይግላል»

ድሬ ውስጥ ይህን የሰማ ሁሉ ሙቀቱ ነው ይላል። በግንቦትና በሰኔ እውነት ሙቀቱ ሊሆን ይችላል። መለያው ቀላል ነው። ሁሉንም ነገር ዝጉና ታስክ ማኔጀር ውስጥ ሲፒዩ የሚለውን ቁጥር (ኮምፒውተሩ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን) አምስት ደቂቃ ተመልከቱ። ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ፋኑ ብቻ ከጮኸ አቧራና ሙቀት ነው፣ አስጠርጉት። ምንም ሳትሠሩ ከፍ ብሎ ከቆየ የሚሠራውን ፕሮግራም ስም እዩ። የዊንዶውስ አፕዴት ሊሆን ይችላል፣ ያ ያልፋል። በድብቅ በእናንተ መብራት ዲጂታል ገንዘብ የሚቆፍር ፕሮግራም ከሆነ አያልፍም። አንዳንዱ ታስክ ማኔጀር ሲከፈት ራሱን ይደብቃል፤ ፋኑ ታስክ ማኔጀርን በከፈታችሁ ቁጥር ጸጥ የሚል ከሆነ ያ ትልቅ ምልክት ነው። ፍተሻው ከላይ ያልኩት ኦፍላይኑ ነው።

«በሁሉም ብሮውዘር፣ በስልክም ጭምር»

ቤት ውስጥ ያለው ስልክም ያንኑ ካሳየ ኮምፒውተሩን ተዉትና ራውተሩን (ኢንተርኔቱን ለቤቱ የሚያከፋፍለውን ሳጥን) እዩ። ዲኤንኤሱ (የገጹን ስም ሰምቶ ወደ ትክክለኛው አድራሻ የሚመራው) ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ራውተሩን ወደ ፋብሪካ ሴቲንግ መልሱትና አዲስ የአድሚን ፓስወርድ ስጡት። ከዚያ በፊት ግን የኢንተርኔት መግቢያ ስምና ፓስወርዳችሁን ጽፋችሁ ያዙ፣ አለበለዚያ ኢንተርኔት አልባ ሆናችሁ ትቀራላችሁ።

«ካጸዳሁት በኋላ ኢንተርኔት እምቢ አለ»

አትደንግጡ፣ ምንም አላበላሻችሁም። አድዌሩ ኢንተርኔቱን በራሱ በኩል ያሳልፍ ነበር፣ እሱ ሲሄድ መንገዱ ተቆርጦ ቀረ። ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ፕሮክሲ። ማንዋል የሚለውንም ስክሪፕት የሚለውንም አጥፉ፤ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይመለሳል።

አስተማሪዋ ልትሄድ ስትል ፍላሿን ጠየቅኳት። ያ የፒዲኤፍ መቀየሪያ እዚያ ተቀምጧል። ሦስቱንም ጊዜ ከፎርማት በኋላ የጫነችው ከዚያችው ፍላሽ ነበር። አጠፋንላት፤ ፒዲኤፉን ለመክፈት እዚያው ያላት ወርድ ራሱ እንደሚችል አሳየኋት። ከዚያ አፕ ኤንድ ብሮውዘር ኮንትሮል ውስጥ ገብተን የማይፈለጉ ፕሮግራሞችን የሚያግደውን ሁለቱንም ሳጥን አበራን። የኢሜይልና የባንክ ፓስወርዷን ቤቷ ሄዳ በስልኳ ቀየረች፣ ማታ «ጨርሻለሁ» ብላ ጻፈችልኝ።