ያገለገለ ፕላዝማ ይሻላል ወይስ ኤልሲዲ?

ጠፍጣፋ ቴሌቪዥንን ሁሉ «ፕላዝማ» ማለት ለምዶብናል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበረ ሰው ቃሉን ከክፍሉ ይዞት ወጥቷል። እውነተኛው ፕላዝማ ግን ዛሬ በገበያ የሚገኘው ያገለገለ ብቻ ነው፤ ፓናሶኒክ በ2013፣ ሳምሰንግና ኤልጂ በ2014 እ.ኤ.አ. ማምረት አቁመዋል። ሱቅ ውስጥ አዲስ ሆኖ የሚያዩት ኤልኢዲም ያው ኤልሲዲ ነው፤ ከስክሪኑ ጀርባ የሚያበራው መብራት ብቻ ነው የተቀየረው።

ለመለየት ከጀርባ የተለጠፈውን ያንብቡ። ባለ 42 ኢንች ፕላዝማ ብዙ ጊዜ ከ200 ዋት በላይ ተጽፎበት፣ ክብደቱም ከ20 ኪሎ በላይ ነው። ተመሳሳይ መጠን ያለው ኤልኢዲ 100 ዋት እንኳ አይሞላም። በቀን 5 ሰዓት ቢከፈት፣ 200 ዋት የሚበላው በወር 30 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል፤ 80 ዋት የሚበላው ግን 12 ብቻ።

አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ከሁሉ የሚቀድመው የከፍታው ጉዳይ ነው። ፕላዝማ በሁለት መስታወት መካከል የታሸገ ኒዮንና ዜኖን ጋዝ አለው፤ የጋዙ ግፊት ከውጭው አየር ያነሰ ስለሆነ መስታወቶቹን አጣብቆ የሚይዛቸው የውጭው አየር ነው። አዲስ አበባ ባለችበት ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ አየሩ ይሳሳል፣ መያዣው ይላላል፣ መስታወቱም ሊርገበገብና እንደ ንብ ሊጮኽ ይችላል። ስለዚህ ድምፁን አጥፍተው ነጭ ምስል ይክፈቱ፤ 2 ሜትር ርቀው ያዳምጡ። እዚያ ድረስ ከተሰማ አይግዙት፤ ጠግኖ የሚያስተካክለው ባለሙያ የለም። ድሬዳዋ ላይ ዝም ያለው ፕላዝማ አዲስ አበባ ሲደርስ ሊጮኽ ይችላል።

ቀጥሎ ግራጫ ምስል በፍላሽ ያስገቡና ጥጋጥጉን ይዩ። የጣቢያ ሎጎ ጥላ ካለ ለ20 ደቂቃ ኳስ ያጫውቱበት፤ ያኔም ካልደበዘዘ ስክሪኑ ሳይቃጠል አይቀርም፤ ጥላው አይለቅም ማለት ነው።

እነዚህን ካለፈ ፕላዝማ ማታ መብራት አጥፍቶ ፊልም ለሚያይ ቤት እጅግ ያምራል፤ ጥቁሩ ጥቁር ነው፣ ኳስ ሲሮጥ አይደበዝዝም፣ ከጎን የተቀመጠ እንግዳም እኩል ያያል። መጋረጃው ቀኑን ሙሉ ለሚከፈት ሳሎን ግን መስታወቱ መስኮቱን መልሶ ያሳያል፤ እዚያ ኤልሲዲ ይሻላል። እንደኛ ፍርድ ለአብዛኛው የአዲስ አበባ ቤት ምርጫው እሱ ነው።

ኤልሲዲ ሲገዙ ጥቁር ምስል ከፍተው ዳር ዳሩ ላይ ደመና መሰል ብርሃን መኖሩን፣ ከጎን ሲታይም ቀለሙ መቀየሩን ይፈትሹ። ድምፅ እያለ ምስል ከሌለው የስልክዎን መብራት ስክሪኑ ላይ ያብሩ፤ ምስሉ በደብዛዛው ከታየ የተበላሸው ባክላይቱ (ከስክሪኑ ጀርባ ያለው መብራት) ነው፣ ይጠገናል። ሠሪው የተቃጠለችውን አንዷን አምፖል ብቻ ሳይሆን አምፖሎቹ የተደረደሩባቸውን ስትሪፖች በሙሉ እንዲቀይር ያድርጉ፤ አለዚያ ቀሪዎቹ ተራ በተራ ይከተላሉ። ከዚያም ባክላይቱን ከሜኑ ወደ 60 በመቶ ዝቅ ያድርጉት።

ፕላዝማውን ከመረጡ ለሁለት ይሸከሙት፤ መኪና ላይም እንዳቆሙት ይሂድ። ካስተኙት የራሱ ክብደት በየጉድጓዱ ሲነጥር መስታወቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።