ኮፒውንና ኦሪጅናሉን ቤዝ ስታወዳድሩ

ቤዝ ጊታር ሊገዛ የመጣ ወጣት ባየሁ ቁጥር ያው ነገር ይደገማል። ርካሹን ያነሳል፣ ሁለት ኖታ ይመታል፣ ፊቱን ያጨማድዳል። ቀጥሎ የጓደኛውን ፌንደር፣ ያን ስመ ጥር የአሜሪካ ብራንድ፣ ያነሳና «ቤዝ ማለት ይሄ ነው!» ይላል። ኧረ ቆይ! የርካሹ ክር ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ አልተቀየረም፤ ዝጓል። የፌንደሩ ባለፈው ሳምንት የተገጠመ ነው። ልጁ ያወዳደረው ክርን ከክር ነው።

ክሩ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ርካሽ ቤዝ ብዙ ጊዜ ማንም ሳያስተካክለው ነው ከካርቶን የሚወጣው። አንገቱ ጎብጧል፣ ክሩ ከፍሬቱ (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) ርቋል፣ 12ኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ ከቅኝት ይወጣል። ይሄ ሁሉ በቁልፍና በካቻቢቴ የሚስተካከል ነገር ነው። ሳታስተካክሉት «ኮፒ አይረባም» አትበሉኝ፣ በፈጠራችሁ! ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት አዲስ ክር ግጠሙ፣ ከፍታውን እኩል አድርጉ፣ ከዚያ እናውራ። (የሞታውን ሙዚቃ ቤቱ ታዋቂ ቤዚስት ጀምስ ጀመርሰን ክሩ ካልተበጠሰ አይቀይርም ነበር ብላችሁ አትከራከሩኝ። እሱ ጀመርሰን ነው።)

ጆሮ ጮክ ያለውን ይወዳል። ባለ ባትሪውን አክቲቭ ቤዝ ባትሪ ከሌለው ጋር ስታወዳድሩ መጀመሪያ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ።

ሁለቱን የፌንደር ሞዴሎች፣ ፕሪሲዥንን ከጃዝ ቤዝ ጋር አታፎካክሩ። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው ፕሪሲዥን ከ1957 ጀምሮ ለሁለት የተከፈለ አንድ ፒክአፕ (የክሩን ድምፅ የሚቀበል ማግኔት) ነው ያለው። በ1960 የመጣው ጃዝ ሁለት ፒክአፕና ጫፉ ላይ ቀጠን ያለ አንገት አለው። ልዩነቱን ያመጣው ዋጋው አይደለም።

ስኳየርን ፎርጅድ የሚሉም አሉ። አይደለም። የፌንደር የራሱ ርካሽ መስመር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ጃፓን ውስጥ የተጀመረ።

የኔ ስህተት ደግሞ ስም ማመን ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ ያገለገለ «አሜሪካን ፌንደር» አገኘሁ። ጭንቅላቱ ላይ የተለጠፈውን ስም አየሁና የሰርግ ሥራ ገንዘቤን አራግፌ ገዛሁ። ሁለት ወር «ድምፁን ስሙት!» እያልኩ ጓደኞቼን አሰለቸሁ። አንድ ቀን ጃኩ ሲነቀል ፕላስቲኩን ፈታሁት። ከቀለሙ ስር ኮምፔንሳቶ! ፖቶቹም (ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻዎቹ) ትንንሽ፣ ሳንቲም የሚያክሉ። ለካ ፎርጅድ ነው! ሻጩ ስልክ ማንሳት አቆመ። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ማስፈታት አትፈሩ። ሻጩ እምቢ ካለ ጥላችሁት ሂዱ።

ውዱ ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። አንገቱን በእጃችሁ ከላይ እስከ ታች ዳብሱት፤ የፍሬቱ ጫፍ የተሞረደ ነው። ርካሹ ላይ በጋ ገብቶ እንጨቱ ሲደርቅ ፍሬቱ ወጣ ይልና እጅ ይቧጥጣል። ሞራጅ ካገኛችሁ ግን ይሄም ይድናል።

ያን ፎርጅድ አልጣልኩትም። ፒክአፑንና ፖቶቹን ቀየርኩ፣ ፍሬቱን አስሞረድኩ፤ ዛሬም ተማሪዎቼ የሚለማመዱበት እሱ ነው። ስሙን ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አጥፍቼዋለሁ።