«አዲስ ኤምኦቲ አለው» ሲሏችሁ፦ እንግሊዝ አገር ያገለገለ መኪና ከመግዛት በፊት የምርመራ ታሪኩን ማንበብ

መኪናው በፎቶ ያብረቀርቃል፣ ሻጩም «ኤምኦቲው ገና 12 ወር ሙሉ ነው» ይላል። ጥሩ ነው። ግን ኤምኦቲ የሚባለውን፣ መኪኖች በየዓመቱ የሚያደርጉትን የግዴታ ምርመራ ማለፍ ማለት መኪናው በተመረመረበት ቀን ዝቅተኛውን የደኅንነት መስፈርት አሟልቷል ማለት ብቻ ነው። የሞተሩን፣ የፍሪሲዮኑንና የካምቢዮውን ጤንነት ጭራሽ አያይም። ስለዚህ እኔ ከዛሬው ወረቀት ይልቅ ያለፉትን ዓመታት ነው የማየው፤ ባለቤቱ መኪናውን እንዴት እንደያዘው የሚታየው እዚያ ነው።

ታሪኩ በመንግሥት ድረ ገጽ በጎቭ ዩኬ ላይ በነጻ ይገኛል። የሚጠይቃችሁ የሰሌዳ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ሻጩ ጋ ሳትደውሉ ከማስታወቂያው ፎቶ ላይ አንብባችሁ ማየት ትችላላችሁ። በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ ከ2005 ወዲህ፣ በሰሜን አየርላንድ ደግሞ ከ2017 ወዲህ የተደረጉ ምርመራዎች ይወጣሉ፤ ቀኑ፣ ማለፍ መውደቁ፣ ማይሉና የተገኘው ጉድለት ሁሉ ተጽፏል። ሰሌዳውን የሸፈነ ሻጭ ካጋጠማችሁ ቁጥሩን ጠይቁት። አልሰጥም ካለ እለፉት፣ መኪና ሞልቷል።

ከዚህ በታች ያሉት ታሪኩ ላይ የምታዩዋቸው ምልክቶች፣ ምክንያታቸውና ማድረግ ያለባችሁ ነገር ናቸው።

ማይሉ ወደ ኋላ ሄዷል

አምና 98 ሺህ፣ ዘንድሮ 61 ሺህ። መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ቆጣሪው ተመልሷል ነው፣ ልክም ሊሆን ይችላል። ግን ወዲያው አትፍረዱ። መርማሪው ቁጥር አዛብቶ ጽፎ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ከውጭ የመጣ መኪና ሆኖ አንዱ ጋራዥ በኪሎ ሜትር ሌላው በማይል መዝግቦት ይሆናል። መለየቱ ከባድ አይደለም። አንድ ዓመት ብቻ ተዛብቶ በሚቀጥለው ወደ መስመሩ ከተመለሰ የጽሑፍ ስህተት ነው። ያፈነገጠው ቁጥር ይሆናል ብላችሁ ከምትጠብቁት በ1.6 እጥፍ ገደማ የሚበልጥ ከሆነ ኪሎ ሜትር ነው። ወርዶ ከዚያው ከወረደበት እየጨመረ ከቀጠለ ግን ወይ ዳሽቦርዱ ተቀይሯል፣ ደረሰኙን አምጣ በሉት፣ ወይ ተጭበርብሯል። ስህተቱ በቅርቡ ምርመራ ላይ ከሆነና 28 ቀን ካላለፈው የመረመረው ጋራዥ ያስተካክለዋል፤ ሻጩ አስተካክሎ ይጥራችሁ።

የሚያሳስበው ግን ጭራሽ የማይወርደው ነው። ብልጥ የሆነው አጭበርባሪ በየዓመቱ ከምርመራው በፊት ትንሽ ትንሽ ይመልሳል፣ ስለዚህ ቁጥሩ ሁልጊዜ ሲጨምር ነው የምታዩት። ደግሞም አዲስ መኪና የመጀመሪያ ኤምኦቲውን የሚያደርገው 3 ዓመት ሲሞላው ነው (ሰሜን አየርላንድ 4)፤ ከዚያ በፊት የተመለሰ ቆጣሪ እዚህ ታሪክ ላይ ፍንጭ አይተውም። ድርጅት ለድርጅት ሲከራይ ቆይቶ በ3 ዓመቱ ገበያ የወጣ መኪና ከሆነ የሰርቪስ ደረሰኞቹ ላይ ያለውን ማይል ከኤምኦቲው ጋር አስተያዩ። መሪው ላይ ያለው ቆዳ አልቆ፣ የፔዳሉ ላስቲክ ተልጦ፣ የሹፌሩ ወንበር ጠርዙ ተበልቶ ቆጣሪው 40 ሺህ ካለ ቆጣሪውን ሳይሆን ወንበሩን እመኑ።

በየስድስት ወሩ ተመርምሯል

ይሄን እኛ ሰፈር የማያውቅ የለም። ሚኒካብ (ተደውሎ የሚጠራ ታክሲ) የሚነዳ ዘመድ የሌለው ማን አለ? ለንደን ውስጥ በከተማዋ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በቲኤፍኤል ፈቃድ የሚሠራ ሚኒካብ በዓመት ሁለት ጊዜ ኤምኦቲ ማለፍ አለበት፣ ሌሎች ከተሞችም ተመሳሳይ ደንብ ያላቸው አሉ። ማስታወቂያው «አንድ ባለቤት፣ የቤተሰብ መኪና» እያለ ታሪኩ በዓመት ሁለት ሁለቴ ካሳየ ነገሩ ገብቷችኋል። ሚኒካብ የነበረ ሁሉ የሚጣል ነው አልልም፤ እንጀራዬ ነው ብሎ ሰርቪሱን ሰዓቱን ጠብቆ ያደረገለት ሹፌር ብዙ ነው። ዋጋው ግን የሚኒካብ ዋጋ ይሁን። ፕሪየስ ከሆነ ደግሞ ቶዮታ ጋ የሃይብሪድ ባትሪው ይመርመርና ውጤቱን በወረቀት እዩት።

አንድ ሁለት ዓመት ክፍተት አለ

2020 ላይ ከሆነ አትደንግጡ። በኮሮና ምክንያት ከማርች 30 ቀን 2020 ጀምሮ ኤምኦቲያቸው የሚያልቅ መኪኖች 6 ወር ተራዝሞላቸው ነበር። በሌላ ዓመት ከሆነ ማይሉን እዩ። ካልጨመረ መኪናው ቆሞ ነበር ማለት ነው፤ ጎማው ተሰነጣጥቆ፣ የፍሬኑ ዲስክ ዝጎ እንደሆነ ተመልከቱ። ሺዎች ከጨመረ ያለ ኤምኦቲ ሲነዳ ከርሟል፣ እንደዚያ ያደረገ ሰው ዘይትም በሰዓቱ አይቀይርም።

ጭራሽ ታሪክ የለውም

3 ዓመት አልሞላው ይሆናል፣ ከጃፓን በቅርቡ የገባ ይሆናል፣ ወይም ሰሌዳውን ተሳስታችሁ ጽፋችኋል። ከጃፓን ከሆነ እዚያ የተሸጠበትን የጨረታ ወረቀት ጠይቁ።

ወድቆ በዚያው ቀን አልፏል

አምፖል ወይም የመስታወት መጥረጊያ ከሆነ ምንም አይደለም፣ ጋራዡ እዚያው ቀይሮለት ነው። የተሰበረ ሞላ፣ የዛገ የፍሬን ቱቦ ወይም ብየዳ የሚፈልግ ዝገት ሆኖ ከሰዓት በኋላ «ንጹህ» ከተባለ ግን የጥገናውን ደረሰኝ እዩ። የት እንደተመረመረ ማወቅም ትችላላችሁ፤ ሎግ ቡኩ (የመኪናው የምዝገባ ሰነድ) ላይ ያለውን ባለ 11 አሃዝ የሰነድ ቁጥር ካስገባችሁ ድረ ገጹ ቦታውን ያሳያል። ወድቆ ሌላ ጋራዥ ወስደው ካሳለፉት ለምን ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ያው ማሳሰቢያ በየዓመቱ ይደጋገማል

ከሜይ 20 ቀን 2018 ወዲህ ጉድለቶች አደገኛ፣ ከባድና ቀላል ተብለው ይመደባሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይጥላሉ፣ ቀላሉ አይጥልም። ከእነዚህ በታች አድቫይዘሪ የሚባለው ማሳሰቢያ አለ። ሰው ሁሉ ዘሎት የሚያልፈው እሱን ነው፣ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማነበው እሱን ነው። «ጎማው ወደ ሕጋዊው ወሰን ተጠግቷል» (ወሰኑ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው)፣ «ዘይት ያንጠባጥባል»፣ «የፍሬን ዲስኩ ተበልቷል» እያለ ሦስት ዓመት ከተደጋገመ ባለቤቱ ካልወደቀ በቀር ብር የማያወጣ ሰው ነው። የማይታየውንም እንደዚያው ነው የያዘው። እያንዳንዱን ማሳሰቢያ ስንት እንደሚያስወጣ ጋራዥ ጠይቃችሁ ከዋጋው ላይ ተከራከሩበት።

ተደጋግሞ ቆይቶ ድንገት የጠፋ ማሳሰቢያም አለ፣ በተለይ ዝገት። ዝገት ራሱን አያድንም። ወይ ተበይዷል፣ ወይ ከስር ጥቁር ቅብ ተቀብቶበታል፣ ወይ መርማሪው ለዝቦለታል። የምታምኑት መካኒክ ይዛችሁ ሂዱና መኪናውን አንስቶ ሻንሲውን በባትሪ ይይላችሁ።

ታሪኩ ንጹህ ነው፣ ታዲያ ምን ቀረ?

ዕዳና አደጋ። የኤምኦቲ ታሪክ መኪናው የብድር ዕዳ እንዳለበት፣ የተሰረቀ እንደሆነ ወይም ከአደጋ በኋላ ኢንሹራንስ አይጠገንም ወይም አያዋጣም ብሎ ጥሎት እንደነበር አይናገርም። ዕዳ ካለበት አበዳሪው ከእጃችሁ ሊወስደው ይችላል። የመኪና ታሪክ የሚያጣራውን ኤችፒአይን በመሰለ አገልግሎት ጥቂት ፓውንድ ከፍላችሁ አጣሩ። ኢንሹራንስ የጣለው መኪና ሆኖ ምድቡ «ካት ኤስ» ካለ አደጋው አካሉን የሚሸከመውን ክፍል ነክቷል፣ «ካት ኤን» ካለ አልነካም። ሎግ ቡክ ላይ ስሙ ያለው ሰው የግድ የመኪናው ባለቤት አይደለም፣ ስለዚህ የግዢ ደረሰኙንም ጠይቁ። የመንገድ ግብሩም ከሻጩ ወደ እናንተ አይተላለፍም፤ ከመንዳታችሁ በፊት በስማችሁ ክፈሉ።

ጉዱን ያያችሁት ከገዛችሁ በኋላ ከሆነ፣ ከነጋዴ የገዛ ሰው በ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ መሠረት እንከን ያለበትን መኪና በ30 ቀን ውስጥ መልሶ ገንዘቡን መጠየቅ ይችላል። ከግለሰብ ከሆነ መከራከር የምትችሉት በዋናነት መኪናው በማስታወቂያው እንደተባለው ሳይሆን ሲቀር ነው። ስለዚህ ማስታወቂያውን ገና ሳትደውሉ ስክሪንሾት አንስታችሁ አስቀምጡ፣ ከተሸጠ በኋላ ይነሳል።