በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ የሚካሄዱ ሳይንሳዊ ሴሚናሮችን በጥቅም እንዴት መከታተል ይቻላል?

ከአራት ኪሎ የድል ሐውልት ተነሥቶ በአምስት ኪሎ አድርጎ ወደ ስድስት ኪሎ የሰማዕታት ሐውልት የሚወጣው መንገድ በእግር ሃያ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በዚህ አጭር ዳገት ግራና ቀኝ በሚገኙት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ በትምህርት ወራት አንድም ሴሚናር ሳይካሄድ የሚያልፍ ሳምንት ጥቂት ነው። ከመድረኮቹ ብዙዎቹ ፍላጎት ላለው ሰው ክፍት ቢሆኑም ከትምህርት ክፍሉ ውጭ የሚመጣ አድማጭ እምብዛም አይታይም፤ የመጣውም አብዛኛውን ጊዜ ሳይዘጋጅ ገብቶ፣ ዝም ብሎ ሰምቶ፣ ዝም ብሎ ይወጣል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለአዲስ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ ለሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ መምህራንና በሥራቸው ምክንያት ከምርምር ጋር ለሚገናኙ ባለሙያዎች ሲሆን፣ ለአንድ ሴሚናር እንዴት ተዘጋጅቶ መሄድ፣ እንዴት ማዳመጥና አንድ ጥሩ ጥያቄ እንዴት መጠየቅ እንደሚቻል ያሳያል።

በመጀመሪያ የት ምን እንደሚገኝ ማወቅ ያስፈልጋል። የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የሥነ ሕይወት፣ የሒሳብና የሥነ ምድር ገለጻዎች በአራት ኪሎ ግቢ ይካሄዳሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1958 ከተከበረው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪም መሠረቱ በዚሁ ግቢ ነው። የምሕንድስና ትምህርት ክፍሎች አምስት ኪሎ ናቸው። የማኅበራዊ ሳይንስ ውይይቶችና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መድረኮች ደግሞ የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በሚገኝበት በስድስት ኪሎው ዋና ግቢ ይደረጋሉ። የሕክምናውን ዘርፍ የሚፈልግ ወደ ጥቁር አንበሳ መውረድ ይኖርበታል፤ ይሁን እንጂ ሐኪሞች ስለ ሕሙማን የሚወያዩባቸው የጠዋት ስብሰባዎች የታካሚ ምስጢር ስለሚነሣባቸው ለውጭ ሰው ክፍት እንዳልሆኑ ልብ ይሏል።

ለጀማሪ የምመክረው የትምህርት ክፍሎች መደበኛ ሴሚናርን ነው። ትልልቅ ዓመታዊ ጉባኤዎች በመክፈቻ ንግግር ብዙ ሰዓት ስለሚወስዱና ለእያንዳንዱ አቅራቢ የሚሰጡት ጊዜ አጭር ስለሆነ አንድን ጥናት በጥልቀት ለመረዳት አያመቹም። በአንጻሩ ተማሪዎች ዲፌንስ የሚሉት የመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ፣ በተለይም የዶክትሬቱ፣ ሳይንሳዊ ክርክር በተግባር የሚታይበት ቦታ ነው፤ ፈታኞቹ እያንዳንዱን ሠንጠረዥ እያነሡ ሲጠይቁ መስማት ብቻውን ጥናት እንዴት እንደሚመረመር ያስተምራል። እነዚህ መከላከያዎች ወደ ትምህርት ዘመኑ ማብቂያ ይበዛሉ።

ማስታወቂያዎች በትምህርት ክፍሎቹ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋሉ፤ ከዚያ ይልቅ በፍጥነት የሚደርሱት ግን በቴሌግራም ነው። ማስታወቂያውን ሲያነቡ ቀኑንና ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀመው በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ ኤፕሪል 9 የሚለው ሚያዝያ 1 መሆኑን፣ ከቀትር በኋላ 2፡00 የሚለውም ከቀኑ 8 ሰዓት መሆኑን መገንዘብ ያሻል። ከሁሉ የሚያሳስተው “9፡00” ተብሎ ብቻ የተጻፈው ነው፤ በአንደኛው አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት፣ በሌላው ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ስለሚሆን በስድስት ሰዓት ተሳስቶ ባዶ አዳራሽ ማግኘት ይቻላል። በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሁለት ማስታወቂያዎች ካሉ ሁለቱን ያስተያዩ፤ ካልሆነም ለትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ይደውሉ። ዓርብ ዕለት የጁምዓ ጸሎትን ምክንያት በማድረግ የምሳ ዕረፍቱ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ስለሚረዝም ለዓርብ ከቀትር በኋላ የተያዘ ሴሚናር ከሌሎቹ ቀናት ዘግይቶ ሊጀምር ይችላል።

በግቢው በር ላይ መታወቂያ ይጠየቃል፣ ቦርሳ ይፈተሻል፤ ላፕቶፕ የያዘ ሰው ሲወጣ እንዳይቸገር ሲገባ ማስመዝገብ አለበት። ማስታወቂያውን በስልክዎ ላይ ይዘው ማሳየት ከጥበቃ ሠራተኞች ጋር የሚደረገውን ንግግር ያሳጥረዋል።

ዝግጅት ከአንድ ሰዓት በላይ አይጠይቅም፤ ሆኖም ያለ እርሱ የሚደረግ አድማጭነት ግማሽ ነው። የጥናቱን አኅጽሮት (አብስትራክት) ፈልገው ያንብቡና በወረቀት ላይ ሦስት ነገሮችን በራስዎ ቃል ይጻፉ፦ አጥኚው ምን ጠየቀ፣ በምን ለካ፣ ምን አገኘሁ አለ። ከሦስቱ አንዱን መጻፍ ካቃተዎ ያ ክፍተት በአዳራሹ ውስጥ በተለይ የሚያዳምጡት ነገር ይሆናል። የማያውቋቸውን ቃላትም አስቀድመው ይፈልጉ፤ አብዛኛው ገለጻ በእንግሊዝኛ ስለሚቀርብ ቃሉን በአዳራሽ ውስጥ መፈለግ ተከታዮቹን ሁለትና ሦስት ስላይዶች ያሳልፋል።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ የመሬት መንቀጥቀጥን እንውሰድ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የተከሰቱት ተከታታይ መንቀጥቀጦች አዲስ አበባ ድረስ፣ በተለይም በፎቅ ላይ ለሚኖሩ ሰዎች፣ ተሰምተው ስለነበር ርዕሱ ለከተማው ነዋሪ እንግዳ አይደለም። ወደ እንዲህ ያለ ገለጻ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ቢያውቅ ግማሹን መንገድ ተጉዟል። ሬክተር ስኬል እየተባለ በዜና የሚነገረው ቁጥር በምንጩ ላይ የተለቀቀውን የመንቀጥቀጥ መጠን የሚገልጽ ሲሆን፣ ቁጥሩ በአንድ ሲጨምር የሚመዘገበው የሞገድ ከፍታ 10 እጥፍ፣ የሚለቀቀው ኃይል ደግሞ 32 እጥፍ ገደማ ያድጋል። በአንድ ሰፈር ላይ የተሰማው ጥንካሬ ግን ሌላ መለኪያ አለው፤ እርሱ ከምንጩ ባለው ርቀት፣ በአፈሩ ዓይነትና በሕንፃው አሠራር ስለሚለያይ ያው አንድ መንቀጥቀጥ በመተሐራና በአዲስ አበባ የተለያየ ጥንካሬ ይኖረዋል። ይህን ልዩነት ያልያዘ አድማጭ አቅራቢው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ክሩ ይጠፋበታል።

በአዳራሹ ውስጥ ከመካከለኛው ረድፍ ወደፊት ይቀመጡ፤ ከኋላ የግራፎቹ ጽሑፍ አይነበብም። ግራፍ በታየ ቁጥር ዓይንዎ መስመሩን ከመከተሉ በፊት ወደ ሁለቱ ዘንጎች ይሂድ፤ ምን እንደተለካ፣ በምን መለኪያ እንደተለካና የቁጥሮቹ አካሄድ 1፣ 2፣ 3 ይሁን ወይስ 1፣ 10፣ 100 በቅድሚያ ይመልከቱ። ቀጥሎ የናሙናውን ብዛት ይፈልጉ። በነጥቦቹ ላይና ታች የሚዘረጉትን የስህተት መስመሮች በተመለከተ ደግሞ ምን እንደሚወክሉ በስላይዱ ላይ ካልተጻፈ ያ ራሱ ተገቢ ጥያቄ ነው። ስታንዳርድ ዲቪዬሽን በናሙናው ውስጥ ያለውን መለያየት ሲያሳይ፣ ስታንዳርድ ኤረር የሚያሳየው አማካዩ ምን ያህል አስተማማኝ ሆኖ እንደተገመተ ነው፤ ናሙናው 100 ከሆነ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ አሥረኛ ብቻ ስለሚሆን፣ ያው መረጃ በአንደኛው ሲሳል የተበታተነ፣ በሌላው ሲሳል እጅግ የጠራ መስሎ ይታያል። ይህን የሚያደርጉት ሁሉ ለማታለል ነው ማለቴ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የሶፍትዌሩ ምርጫ ሳይለወጥ ቀርቶ ነው።

የሥነ ምድር ሴሚናሮች ላይ ደጋግመው የሚያዩት ሌላ ምስል ቀስተ ደመና የመሰሉ ቀለበቶች ያሉበት የሳተላይት ራዳር ካርታ ነው። ሳተላይቱ በሁለት የተለያዩ ቀናት ያነሣቸው ምስሎች ተነጻጽረው መሬት ወደ ሳተላይቱ መቅረቧ ወይም ከእርሱ መራቋ የሚለካበት ዘዴ ሲሆን፣ ሴንቲኔል 1 በሚባለው ሳተላይት መረጃ ላይ እያንዳንዱ ሙሉ የቀለም ዙር 2.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንቅስቃሴን ይወክላል። ስለዚህ አሥር ቀለበት የሚቆጥር አድማጭ መሬት 28 ሴንቲ ሜትር ያህል መንቀሳቀሷን አቅራቢው ሳይነግረው ያነባል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የመሬት መከፈት ሲከሰትና አንዳንዱ ቦታ እስከ 8 ሜትር ሲሰፋ ለዓለም ሳይንቲስቶች ሙሉ ምስሉን ካሳዩት መረጃዎች ዋነኛው እንዲህ ያለው የራዳር ልኬት ነበር። ዘዴው ደረቅና ገላጣ በሆነ መሬት ላይ ከለምለም ደጋ ይልቅ በተሻለ ይሠራል፤ ሳተላይቱ የሚያየው በሰያፍ ስለሆነም ከአንድ አቅጣጫ የተነሣ ምስል ብቻውን መሬት ከፍ አለች ወይስ ወደ ጎን ሄደች የሚለውን አይለይም።

ማስታወሻ ሲይዙ የተነገረውን ሁሉ ለመጻፍ አይሞክሩ። የስላይዱን ቁጥርና ያልገባዎትን ነገር በአንድ መስመር መጻፍ ይበቃል፤ ከእነዚህ መስመሮች አንዱ በመጨረሻ ጥያቄዎ ይሆናል።

ስለ ጥያቄ ግን ረዘም አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ በእኛ ሴሚናሮች ላይ ከሁሉ በላይ የሚባክነው ይህ ክፍል ነውና። የተለመደው አካሄድ አወያዩ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ጥያቄዎችን በአንድ ዙር ሰብስቦ ለአቅራቢው መስጠት ነው። ጊዜ ለመቆጠብ ተብሎ የሚደረግ ቢሆንም አቅራቢው ቀላሎቹን መርጦ በሰፊው እንዲመልስና ከባዱን በዝምታ እንዲያልፈው በር ይከፍታል። አወያይ የመሆን ዕድል የገጠመው አንባቢ ቢቻል አንድ በአንድ፣ ካልተቻለም ከሁለት ያልበለጠ ጥያቄ በአንድ ዙር ቢያስተናግድ ለተሰብሳቢው ትልቅ ውለታ ይውላል። ጠያቂውም የበኩሉ ድርሻ አለው፤ “በመጀመሪያ ዕድሉን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ሁለት አስተያየትና ሦስት ጥያቄ አለኝ” ብሎ የሚጀምር ሰው በእርግጥ ጨዋ ነው፣ ነገር ግን አምስተኛው ላይ ሲደርስ አንደኛውን የሚያስታውስ የለም።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ይምረጡ፣ በወረቀት ላይ ይጻፉት፣ ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜም ያንብቡት። ስላይዱን በቁጥሩ ይጥቀሱ፤ “በስላይድ 14 ላይ ያለው የራዳር ምስል ከአንድ አቅጣጫ ብቻ የተነሣ ነው ወይስ ከሁለት?” የሚለው ጥያቄ አጭር፣ ሊታለፍ የማይችልና መልሱ መደምደሚያውን ሊለውጥ የሚችል ነው። ጥያቄዎ ከሌሎች ጋር ተሰብስቦ ሳይመለስ ከቀረ እጅዎን አንሥተው “ሁለተኛው ጥያቄ አልተነካም፤ ቢመለስልን” ቢሉ ነውር አይደለም። ዕድሜና ማዕረግ ሳይለይ አቅራቢውን አንቱ ብሎ መጥራት ተገቢ ነው፤ ገና ጀማሪ የሆነ ተማሪ እንኳ መድረክ ላይ ሳለ ይከበራል።

ጥሩ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ከንጽጽር ይወለዳል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ ሰዎች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ስፍራ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርክተው አዩ፤ እዚህ የሞቱት እዚያ ለምን አልሞቱም የሚለው ንጽጽር ረጅም የእንዶድ ምርምር አስጀመረ፤ በስማቸው የሚጠራው የምርምር ተቋምም ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ሥር ይገኛል። እርስዎም ውጤት ሲቀርብልዎ ውጤቱ ያልታየበት ቦታ ወይም ቡድን አለ ወይ፣ ሌላ ምክንያት ሊኖር እንደማይችልስ በምን ተረጋገጠ ብለው ይጠይቁ። በአንጻሩ “ለመንግሥት ምን ይመክራሉ?” የሚለው ጥያቄ አንድ ማዕድን ወይም አንድ ጂን ሲለካ ለከረመ ተመራማሪ ከሥራው ውጭ ነው። “የሚቀጥለው መንቀጥቀጥ መቼ ነው?” የሚለውም እንዲሁ፤ ቀን ቆርጦ የሚናገር ሳይንስ ስለሌለ፣ በሚቀጥሉት ዓመታት በዚህ ስፍራ ከዚህ መጠን በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ የመከሰት ዕድሉ እንዴት እንደተሰላ መጠየቅ የተሻለ መልስ ያስገኛል።

ቋንቋ አያስፈራዎ። ገለጻው በእንግሊዝኛ ቢሆንም አቅራቢውና አብዛኛው አድማጭ አማርኛ የሚያውቁ ከሆነ አወያዩን አስፈቅዶ በአማርኛ መጠየቅ ይቻላል። በመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ ላይ ግን ፈታኞቹ ሳይጨርሱ ከአድማጭ የሚነሣ ጥያቄ የለም፤ ከጨረሱም በኋላ ዕድሉን የሚሰጠው ወይም የሚከለክለው ሰብሳቢው ነው።

ከሴሚናሩ በኋላ ሻይ ቡና ካለ ቶሎ አይውጡ፤ አቅራቢው በመድረክ ላይ ያልተናገረውን፣ ያልሠራለትን ሙከራ ጭምር፣ የሚያወራው እዚያ ነው። የስላይድ ፎቶ ማንሣትና በቴሌግራም ማሠራጨት ገና ያልታተመ ውጤትን የሚጎዳ ስለሆነ አስቀድሞ መፈቀድ አለበት። በሳምንቱ ውስጥ የስላይዱን ቁጥርና አንዲት ጥያቄ ብቻ የያዘ አጭር ኢሜይል ቢልኩ መልስ የማግኘት ዕድልዎ ሰፊ ነው፤ ስላይዶቹን ከመጠየቅ ይልቅም የታተመ ጽሑፍ ካለ ይጠይቁ። ከግቢው ከመውጣትዎ በፊት የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ወደ ሴሚናሩ የቴሌግራም ቡድን እንዲያስገባዎት ስልክ ቁጥርዎን ይተዉ።