ለመንገድ የሚሆን ቀላል ላፕቶፕ በአቅም ልክ እንዴት ይመረጣል?

ከከተማ ከተማ እየተዘዋወሩ የሚሠሩ ብዙ ናቸው፤ የመስክ ሠራተኞች፣ አሠልጣኞች፣ ነጋዴዎች፣ ለትምህርት ወደ ውጭ የሚሄዱ ተማሪዎች። ሁሉም የሚፈልጉት ትከሻ ላይ የማይከብድ፣ መብራት ሲጠፋ ሥራ የማያስቆም፣ ኪስም የማያራቁት ላፕቶፕ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ አለ፤ ግን መደብሩ ፊት ለፊት ከተደረደሩት መካከል እምብዛም አይገኝም። ፊት ለፊት የሚደረደረው ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ ርካሽ ላፕቶፕ ነው። ውስጡ ሲታይ ሴሌሮን የተባለ ደካማ ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል)፣ 4 ጊጋባይት ራም (የተከፈተ ሥራ የሚያዝበት ጊዜያዊ ቦታ) እና 64 ጊጋባይት ኢኤምኤምሲ የተባለ ቀርፋፋ ማከማቻ ይሆናል። ዊንዶውስና አፕዴቶቹ ብቻ የዚያን ማከማቻ ብዙውን ክፍል ይይዛሉ፤ ራሙ ደግሞ ብራውዘርና ዙም አብረው ሲከፈቱ ይጨናነቃል።

ለመካከለኛ አቅም የምመክረው ግልጽ ነው፦ አዲስ ርካሽ ላፕቶፕ ከመግዛት፣ አዲስ ሳለ ውድ የነበረ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ግዙ። እንዴት እንደሚመረጥ በቅደም ተከተል እነሆ።

1. ክብደቱን ከነቻርጀሩ አስሉ

ሻጭ የሚነግራችሁ የላፕቶፑን ክብደት ብቻ ነው፤ ቦርሳ ውስጥ ግን ቻርጀሩና ገመዱም ይገባሉ። ባለ 15.6 ኢንች ላፕቶፖች አብዛኞቹ ከ1.7 እስከ 2.2 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ትልቁ ቻርጀር ሲጨመር ትከሻ ላይ የሚያርፈው ከ2 ኪሎ በላይ ይሆናል። ለመንገድ የምትፈልጉት ስክሪኑ ከ13 እስከ 14 ኢንች፣ ክብደቱ ከ1.5 ኪሎ ያልበለጠ፣ ከነቻርጀሩም ከ1.8 ኪሎ የማያልፍ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለኢኮኖሚ ተሳፋሪ የሚፈቅደው የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ነው፤ ልብስና ሰነድ ለሚይዝ ሰው ግማሽ ኪሎ ትልቅ ልዩነት አለው። ከ1.1 ኪሎ በታች ለመውረድ የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ግን በእኔ ዕይታ አያዋጣም፤ ያ ገንዘብ ለአዲስ ባትሪ ቢውል ይሻላል።

2. ሥራችሁን ለዩ

ዎርድ፣ ኤክሴል፣ ኢሜይል፣ ዙምና ብራውዘር ከሆነ 8 ጊጋባይት ራምና 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (ፈጣን ማከማቻ) ዝቅተኛው ልክ ነው። ብዙ ገጽ በአንዴ ከፍታችሁ የምትሠሩ ከሆነ 16 ጊጋባይት ራም ይሁን። ቪዲዮ የምታቀናብሩ ወይም በአውቶካድ የምትሠሩ ከሆነ ቀላል ላፕቶፕ አይመቻችሁም፤ ከበድ ያለውን መሸከም ግድ ነው።

3. ከቢሮ የወጣ፣ ስምንተኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ የሆነ ፈልጉ

በአሜሪካና በአውሮፓ ትልልቅ ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው የገዙትን ወይም የተከራዩትን ላፕቶፕ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጅምላ ይቀይራሉ። የተቀየረው ተጠራርጎ ለገበያ ይወጣል፤ ከፊሉም በዱባይና በሌላ መንገድ አዲስ አበባ ይደርሳል። እነዚህ ላፕቶፖች ሲሠሩ ጀምሮ ለሚጓዝ ሰው የታሰቡ ናቸው። አካላቸው ጠንካራ፣ ማጠፊያቸው የማይላላ፣ ኪቦርዳቸው ጥቂት ውሃ ቢፈስበት የሚችል፣ መለዋወጫቸውም የሚገኝ ነው።

የፕሮሰሰሩን ቁጥር ማንበብ ልመዱ፤ ጀነሬሽኑ (ትውልዱ) የሚታወቀው ከእሱ ነው። ኢንቴል አይ5 8250ዩ ሲባል የመጀመሪያው 8 ጀነሬሽኑን ይነግራችኋል፤ 1135ጂ7 ከሆነ ደግሞ አሥራ አንደኛ ጀነሬሽን ነው። መጨረሻ ላይ ያለው «ዩ» ትንሽ ኃይል የሚበላ፣ ለቀላል ላፕቶፕ የተሠራ ማለት ነው፤ «ኤች» ካለው ፈጣን ነው፣ ግን ይሞቃል፣ ባትሪም ይጨርሳል። ስምንተኛውን ድንበር ያደረግሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የሰባተኛው ጀነሬሽን አይ5 7200ዩ ሁለት ኮር (ሥራ የሚሠራ ክፍል) ብቻ ሲኖረው 8250ዩ አራት አለው፤ ልዩነቱ ሥራ ላይ በግልጽ ይታያል። ሁለተኛ፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው ስምንተኛውንና ከዚያ በኋላ የመጡትን ነው፤ ጥቂት የሰባተኛ ጀነሬሽን ቺፖች ብቻ ከዚህ ደንብ ውጪ ናቸው። ሻጭ «ሰባተኛም ቢሆን ዊንዶውስ 11 ጭኜልሃለሁ» ቢል፣ መጫኑ ይቻል ይሆናል፤ ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ያለው ማሽን አፕዴት የመስጠት ግዴታ የለበትም።

ሞዴሎቹን በስም ልጥቀስ። ዴል ላቲትዩድ 7490 ከ1.4 ኪሎ ይጀምራል፣ ሁለት የራም ቦታ ስላለው ዛሬ በ8 ጊጋባይት ገዝታችሁ ነገ ማሳደግ ትችላላችሁ። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5ም እንዲሁ ሁለት የራም ቦታ አለው፤ 1.5 ኪሎ ይጠጋል። ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480ኤስ ከ1.3 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል፤ ከራሙ ከፊሉ ቦርዱ ላይ የተበየደ ሲሆን አንድ ክፍት ቦታ አለው። ኤክስ1 ካርቦን ስድስተኛው ትውልድ 1.13 ኪሎ ብቻ ነው፣ በጣም ያምራል፤ ግን ራሙ ሙሉ በሙሉ የተበየደ ስለሆነ 8 ጊጋባይት ያለውን ከገዛችሁ እስከ መጨረሻው 8 ነው። የዚያ ዘመን ቲንክፓዶችን ስትገዙ አንድ ነገር አትርሱ፦ የተንደርቦልት ፈርምዌራቸው (የዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳውን የሚመራው የውስጥ ፕሮግራም) ችግር ነበረበት፣ ካልታደሰ የዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳቸው ሥራ ሊያቆም ይችላል። ሌኖቮ ማስተካከያ አውጥቷል፤ ገዝታችሁ እንደገባችሁ የመጀመሪያ ሥራችሁ እሱን መጫን ይሁን።

ገንዘቡ ትንሽ ከፍ ካለ የአፕል ኤም1 ቺፕ ያለው ማክቡክ ኤር ከሁሉም ይሻላል እላለሁ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 የወጣ ነው፣ 1.29 ኪሎ ይመዝናል፣ ፋን ስለሌለው አቧራ አይስብም፣ በባትሪ ብቻ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ይውላል። ራሙም ማከማቻውም አይቀየርም፣ ከጆሮ ማዳመጫው ሌላ ቀዳዳው ሁለት ዩኤስቢ-ሲ ብቻ ነው፤ ስክሪኑም ስስ ስለሆነ ኪቦርዱ ላይ ትንሽ ነገር ረስታችሁ ብትዘጉት ሊሰነጠቅ ይችላል።

4. ባትሪውንና አሞላሉን ከፕሮሰሰሩ በላይ መርምሩ

መንገድ ላይ ሥራ የሚያስቆመው አብዛኛውን ጊዜ የፕሮሰሰር ቀርፋፋነት አይደለም፤ ባትሪ ነው። «ባትሪው አሪፍ ነው፣ አራት ሰዓት ይይዛል» የሚል ቃል አይበቃም። የባትሪ አቅም በዋት-አወር ይለካል፤ ዊንዶውስም ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረውን አቅምና አሁን የቀረውን ጎን ለጎን የሚያሳይ የባትሪ ሪፖርት አለው። ሪፖርቱ በኮማንድ ፕሮምፕት በአንድ መስመር ትእዛዝ ይወጣል፤ ትእዛዙን ስልካችሁ ላይ ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ እዚያው አስወጡት። 57 ዋት-አወር የነበረው አሁን 46 ከያዘ 80 በመቶው አለ ማለት ነው፣ ይህ ጥሩ ነው። ከ60 በመቶ በታች ከወረደ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከላፕቶፑ ላይ እንዲቀነስ ተደራደሩ፣ ካልሆነ ተዉት። ማክቡክ ላይ የዙር ብዛቱን (ባትሪው ስንት ጊዜ ሙሉ አቅሙን ያህል እንደተጠቀመ) እዩ፤ አፕል ባትሪውን የሠራው ለ1000 ዙር ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ በዩኤስቢ-ሲ መሙላት መቻሉ ነው፣ ይህን በጣም አጥብቄ እመክራለሁ። ስልካችሁንና ላፕቶፑን በአንድ ባለ 65 ዋት ትንሽ ቻርጀር ከሞላችሁ ቦርሳችሁ ይቀላል፤ ቻርጀሩ ቢጠፋም ሐዋሳም ሆነ ዱባይ ምትክ አታጡም። ልዩ አፍ ያለው ቻርጀር ግን ከአዲስ አበባ ወጣ ሲሉ በቀላሉ አይገኝም። ዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳ ያለው ሁሉ በእሱ ይሞላል ማለት ግን አይደለም፤ ዳታ ብቻ የሚያስተላልፍ አለ። ስለዚህ ቻርጀር ሰክታችሁ የመሙያው ምልክት ሲበራ በዓይናችሁ እዩ።

በቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለ በአሜሪካው 120 ቮልትም በእኛው 220 ቮልትም ይሠራል። ሶኬቱ ካልገጠመ ከግድግዳው እስከ ቻርጀሩ ያለውን ገመድ ብቻ ቀይሩ፤ ከላላ አዳፕተር ይልቅ ይህ ይሻላል።

5. ስክሪንና ኪቦርድ

1366 በ768 ነጥብ (ፒክሰል) የሆነ ስክሪን አትግዙ፤ በዚያ ዘመን የቢሮ ላፕቶፖች ውስጥም አለና ጠይቁ። 1920 በ1080 የሆነ፣ አይፒኤስ የተባለው፣ ከጎን ሲያዩት ቀለሙ የማይለዋወጥ ይሁን። ብርሃኑን ለመፈተን ላፕቶፑን ይዛችሁ ወደ በሩ ቀረብ በሉ፤ ሱቅ ውስጥ ደማቅ የመሰለው ውጭ ብርሃን ላይ ጽሑፉ የማይነበብ ሊሆን ይችላል።

ከጀርመን የመጣ ኪቦርድ ላይ ዋይና ዜድ ቦታ ተለዋውጠዋል፣ ከፈረንሳይ የመጣው ላይ ኤና ኪው እንዲሁ። ከባሕረ ሰላጤው የሚመጡት ላይ የአረብኛ ፊደል አለ፤ እሱ ችግር የለውም።

6. ሱቅ ውስጥ ሳትቸኩሉ ፈትሹ

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው፤ ጊዜ ወስዳችሁ ሥሩት። ከድርጅት የወጣ ላፕቶፕ የድርጅቱ ቁልፍ ሳይፈታለት ሊሸጥ ይችላል። አጥፍታችሁ አብሩትና ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው መሠረታዊ ማስተካከያ) ውስጥ ግቡ፦ ቲንክፓድ ከሆነ ኤፍ1፣ ዴል ከሆነ ኤፍ2፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ10። የይለፍ ቃል ከጠየቃችሁና ሻጩ ካላወቀው አትግዙ። ውስጡ ከገባችሁ «አብሶሉት» ወይም «ኮምፒዩትሬስ» የሚለውን የመከታተያ ፕሮግራም ፈልጉ፤ በርቶ ከተገኘ የቀድሞው ባለቤት ከሩቅ ሊቆልፈው ይችላል።

ማክቡክ ላይ ጥንቃቄው ይበልጣል። ሻጩ ሙሉ በሙሉ እንዲያጠፋውና እናንተ ባላችሁበት፣ ኢንተርኔት ተገናኝቶ፣ ከመጀመሪያው እንዲዘጋጅ ጠይቁ። የሌላ ሰው የአፕል አካውንት ከጠየቀ ወይም «ሪሞት ማኔጅመንት» የሚል ገጽ ከመጣ ያ ዕቃ የእናንተ ሊሆን አይችልም። ሻጩ «እኔ አዘጋጅቼዋለሁ፣ ማጥፋት አያስፈልግም» ካለ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ከዚያ ቀሪውን አዳርሱ። እያንዳንዱን የኪቦርድ ቁልፍ ጻፉበት፣ ካሜራና ማይክሮፎኑን በስልካችሁ ዋይፋይ ደውላችሁ ሞክሩ፣ ፍላሽ በሁሉም ቀዳዳ ስኩ፣ ነጭ ገጽ ከፍታችሁ ስክሪኑ ላይ ነጥብ ወይም ጥላ እንዳለ እዩ። ክዳኑን በአንድ ጥግ ይዛችሁ ስታነሱት የሚንሿሿ ወይም የሚላላ ከሆነ ወድቆ ሊሆን ይችላል። የታችኛው ሽፋን መሃሉ ካበጠ ባትሪው ነው፤ ያበጠ ባትሪ አደገኛ ስለሆነ በምንም ዋጋ አትውሰዱት። ደረሰኙ ላይ የላፕቶፑ ሲሪያል ቁጥርና የዋስትናው ጊዜ ይጻፍ፤ በቃል የተሰጠ ዋስትና ሱቁ ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

7. ከውጭ በሰው የሚመጣ ከሆነ

ዘመድ «ላፕቶፕ ላክልኝ» ሲባል በደግነት ትልቁንና አዲሱን ይገዛል፤ ላኪውም ያወጣል፣ ተቀባዩም ይከብደዋል። ስለዚህ ልክ ልኩን ጽፋችሁ ላኩ፦ «እህቴ፣ የታደሰ ላቲትዩድ 7490 ወይም ቲንክፓድ ቲ480ኤስ፤ ራሙ 16፣ ኤስኤስዲው 256፣ ስክሪኑ 1920 በ1080፣ ኪቦርዱ እንግሊዝኛ። በዩኤስቢ-ሲ የሚሞላው ይሁን። ሰው ከመምጣቱ ሦስት ሳምንት ቀደም ብለሽ ግዢውና ባትሪውን አይተሽ ጥሩ ካልሆነ መልሽው።» የሦስት ሳምንቱ ነገር ዋና ነው። አገር ቤት ከደረሰ በኋላ መመለስ የሚባል ነገር የለም።

8. ለመንገድ ስታዘጋጁት

ከቢሮ የወጡት አብዛኞቹ የዊንዶውስ ፕሮ ፈቃድ ስላላቸው ቢትሎከርን (ፋይል የሚቆልፈውን የዊንዶውስ ፕሮግራም) አብሩ፤ ላፕቶፑ ቢሰረቅ ፋይላችሁ አይነበብም። የማስከፈቻ ቁልፉን ግን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ። በአውቶቡስ ስትሄዱ ከላይ ወይም ከታች ዕቃ መጫኛ አታስገቡት፤ ንዝረቱና ጭነቱ ስክሪን ይሰብራል፣ ጭናችሁ ላይ ወይም እግራችሁ ሥር ይሁን። ጄኔሬተር በሚሠራበት ከተማ ጄኔሬተሩ ሲነሳና ሲጠፋ ቻርጀሩን ንቀሉ።

ፓወር ባንክ የምትገዙ ከሆነ ለላፕቶፕ ቢያንስ 45 ዋት በዩኤስቢ-ሲ የሚያወጣ ያስፈልጋል፤ የስልኩ አይሠራም። 20,000 ሚሊአምፒር-አወር የሚለው ወደ 74 ዋት-አወር ገደማ ነው፣ ስለዚህ በአውሮፕላን ከሚፈቀደው ከ100 ዋት-አወር በታች ነው። ምንጊዜም በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም። በዱባይ በኩል በኤምሬትስ የምትበሩ ከሆነ፣ አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ አንድ ፓወር ባንክ ብቻ ይዞ መግባት ፈቅዶ በበረራ ላይ መጠቀሙን ከልክሏልና ላፕቶፑን ከመሳፈራችሁ በፊት ሙሉ አድርጉት።