የአክስቴን ሲቢሲ እንዴት አነበብኩት

ላብራቶሪ ስለምሠራ ጎንደር ያለ ዘመዴ ሁሉ የሲቢሲውን (የደም ሴሎች ቆጠራውን) ውጤት ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልኛል። አዘዞ ያለችው አክስቴ ግን ትደውላለች። ሰላምታ የለም፤ «አንቺ ልጅ፣ ወረቀቱ ምን ይላል?» ነው። እንቅርቷ ፓፒላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ሆኖ ከተገኘ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነው።

ካልኩሌተር አውጡ። ወረቀቱ ላይ ኒውትሮፊልና ሊምፎሳይት የሚሉትን ሁለት የነጭ ደም ሴል ዓይነቶች ፈልጉ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ። የእሷ 6.3 እና 1.4 ነበር፤ 4.5 መጣ። መቶኛውን ለመቶኛ ብታካፍሉም ያው ነው፤ ብዛትና መቶኛ ብቻ አታደባልቁ።

ኒውትሮፊል ሰውነት ሲቆጣ ይበዛል። ሊምፎሳይት ደግሞ ዕጢን ከሚዋጉት አንዱ ነው። በአድሬናል (ከኩላሊት በላይ ያለ ሆርሞን አመንጪ አካል) ካንሰርና በኒውሮኢንዶክሪን (ከሆርሞን አመንጪ ሴሎች በሚነሱ) ዕጢዎች ላይ በተሠሩ ጥናቶች፣ ከሕክምና በፊት ይህ ቁጥር ከፍ ያለባቸው ሰዎች በሽታቸው ሲከፋ ታይቷል። በፓፒላሪ ግን ጥናቶቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ። የፓፒላሪ ክትትሉ በታይሮግሎቡሊን (ታይሮይድ የሚያመነጨው፣ በደም የሚለካ ፕሮቲን) እና በአልትራሳውንድ ነው።

ይህን እያወቅኩ «ከፍ ብሏል» ብዬ በስልክ አፈነዳሁት። ሌሊቱን አልተኛችም። በማግስቱ ስሄድ ጉንጯ ድፎ ዳቦ መስሏል። ለካ ጥርሷ መግል ይዟል!

ስለዚህ ከማካፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ትኩሳት አለ? ጥርስ? እርግዝና? ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን ይወስዳሉ? እነዚህ መድኃኒቶች ኒውትሮፊልን ከፍ፣ ሊምፎሳይትን ዝቅ ያደርጋሉ። ኮርቲሶል የሚያመነጭ የአድሬናል ዕጢም ራሱ እንዲሁ ያደርጋል። ጥርሷ ታክሞ ከሦስት ሳምንት በኋላ 3.6 እና 1.8 መጣ። ሁለት።

«ከስንት በላይ ነው መጥፎ?» የሚለኝ ብዙ ነው። ጥናቶቹ የሚጠቀሙበት ወሰን አንድ ዓይነት አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያዊም ጤነኛ ሆኖ ኒውትሮፊሉ ከአውሮፓውያን ዝቅ ይላል። እኔ አክስቴን የማወዳድራት ከራሷ ጋር ነው። ደብተር አለኝ፤ ቀን፣ ቁጥር፣ የዚያን ቀን ምን እንደነበረባት። ለሐኪሟም የማሳየው እሱን ነው።

ባለፈው ደብተሩን ስከፍት፣ «ጥርስ የለም፣ ጉንፋን የለም፤ የንስሐ አባቴ ግን ተቆጥተውኛል፣ ጻፊው» አለችኝ።

ጻፍኩት።